ጥርሱ የተሰበረ ካሴት

በዚያ ዘመን ባሕር ዳር ላይ ዘፈን አይገዛም ነበር፤ ይሞላ ነበር፣ እንደ ነጭ ጋዝ። ሰው ያለችውን አንዲት ካሴት ይዞ ይመጣል፣ የሚወዳቸውን ዘፈኖች በወረቀት ጽፎ ይሰጣል፣ «የድሮውን አጥፍታችሁ ይህን ሙሉልኝ» ብሎ ይሄዳል። አዲስ ካሴት እንደ ልብ አይገኝምና አንዷ ካሴት ሦስት አራት ጊዜ ትጠፋለች፣ ሦስት አራት ጊዜ ትሞላለች። የዘንድሮው ፍቅር በአምናው ፍቅር ላይ ይቀዳል። ዛሬ ይህን ለልጆች ስንነግራቸው ይስቁብናል። ይሳቁ። እነሱ በቀበሌ አዳራሽ አግዳሚ ላይ ተፋፍገው አልተቀመጡም፤ አንዲት ቴሌቪዥን ለሦስት መቶ ሰው ስትበራ አላዩም፤ እሁድ አመሻሽ ላይ የመዝናኛው ዝግጅት ሊጀምር ሲል ልብ እንዴት እንደሚመታ አያውቁም።

ዘይነት ግን ታውቅ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። አባቷ ጋሽ ሙሀመድሰዒድ የወረታ ነጋዴ ልጅ ናቸው፤ በጨርቅ ንግድ ጀምረው በሸክላ ዘፈን የተለከፉ ሰው። ከገበያው ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ሱቃቸውን በሟች ባለቤታቸው ስም «ነፊሳ ሙዚቃ ቤት» ብለዋታል። በኋለኛው ግድግዳ ላይ ከሦስት መቶ በላይ ሸክላ ተደርድሯል፤ ሁሉም የጃንሆይ ጊዜ፣ ሁሉም በየሳምንቱ በንጹሕ ጨርቅ የሚወለወል። ከፊት ደግሞ ሁለት መቅጃ ቴፖች አሉ። ሸክላው የአባት፣ ቴፑ የልጅ ነው።

የዘይነትን የእጅ ጽሑፍ የማያውቅ የከተማው ወጣት አልነበረም። የካሴቱን ልባስ በማስመሪያ አስምራ፣ ተራ ቁጥሩን በቀይ፣ የዘፈኑን ስም በሰማያዊ ትጽፋለች። ካሴት ጅራቱ ባዶ ሆኖ ከዚያ ቤት አይወጣም፤ ክሩ እስኪያልቅ እሷ የመረጠችው አንድ ማሟያ ዘፈን ይጨመርበታል። አዛን ሲሰማ ግን ዘፈኑ የትም ይድረስ የት ቴፑ ቀጥ ይላል። ይህ የጋሽ ሙሀመድሰዒድ ሕግ ነው፤ የቀበሌው ካድሬ ሳይቀር ቆሞ ይጠብቃል።

ዳኘው ወደዚህ ቤት የመጣው በቴሌቪዥን ሰበብ ነው። በ1980 ዓ.ም. አንድ እሁድ፣ ዘፋኙ ገና አፉን ሲከፍት የቀበሌዋ ቴሌቪዥን በረዶ በበረዶ ሆነች። አዳራሹ አጉረመረመ። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሰፈር የመጣ አንድ ረጅም ልጅ፣ የፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን ነው አሉ፣ ወንበር ላይ ወጥቶ ጀርባዋን ፈታ፣ ሽቦ በጥርሱ ልጦ ቀጠለ፣ ምስሉም ድምፁም ተመለሰ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አንዲት ልጅ ብቻ አላጨበጨበችም፤ ዓይኗ ቴሌቪዥኗ ላይ ሳይሆን እሱ ላይ ነበር። ዳኘው ከወንበሩ ሲወርድ እግሩን ሳተ።

በማግሥቱ ሱቁ ድረስ መጣ።

«አንድ ዘፈን ፈልጌ ነበር» አላት።

«ስሙ?»

«አላውቀውም።»

«የዘፋኙስ?»

«እሱንም። ልጅ ሆኜ፣ አቃቂ እያለን፣ በጎረቤት ሬዲዮ የሰማሁት ነው። መግቢያው ላይ ሳክስፎን አለው።» ይህን ብሎ በአፍንጫው ያንጎራጉር ጀመር።

ዘይነት ሳቋን መያዝ አቃታት። «ይህ ሳክስፎን ነው ወይስ የጀልባ ሞተር?» አለችው። አባቷ ግን ከኋላ ብድግ ብለው ከአምስተኛው ረድፍ አንድ ሸክላ አውጥተው መርፌዋን አስቀመጡበት። ያው ነበር። ዳኘው የሱቁን ጠረጴዛ በሁለት እጁ ይዞ ቆመ፤ ዓይኑ ውሃ ሞላ። ጋሽ ሙሀመድሰዒድ በዚያች ቅጽበት ወደዱት።

«ያኔ» አሉት ዘፈኑ ሲያልቅ፣ «ሐይቁ ዳር በነበረው ሆቴል ቅዳሜ ቅዳሜ ባንድ ይጫወት ነበር። ከጎንደር፣ ከሐሙሲት፣ ከወረታ ሰው ይመጣል። እኔና ነፊሳ ከአጥሩ ውጭ ከሾላው ሥር ቆመን እንሰማለን፤ መግባቱንማ ማን ደፍሮ። በኋላ ሰዓት እላፊ መጣ፣ ባንዱም ተበተነ። ዘፈን ድሮ ቀረ፣ ልጄ።» የመጨረሻውን በሹክሹክታ ነው ያሉት። በዚያ ጊዜ ድሮን ማድነቅም ያስጠይቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዳኘው የቴፖቹን ራስ በጥጥና በአልኮል ላጽዳ እያለ በሳምንት ሁለቴ ይመጣል። የቴፕ ራስ በሳምንት ሁለቴ እንደማይቆሽሽ ሁለቱም ያውቃሉ።

የመሀላቸው ገደል ግን የታወቀ ነበር። እሷ የጋሽ ሙሀመድሰዒድ ልጅ ናት። እሱ የፋብሪካው የፈረቃ ኃላፊ የአቶ መርስዔ ኀዘን አንድ ልጅ፤ እናቱ ወይዘሮ አገርነሽ የጊዮርጊስ ማኅበር የሚጠጡ፣ ጾም የማይፈቱ ሴት። «ጥሩ ልጅ ነው» አሉ አባቷ አንድ ቀን፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ሸክላ እየወለወሉ። «ሸክላ እንዋዋሳለን፣ በየበዓሉ እንጠያየቃለን። ልጅ ግን አንዋዋስም። ሰማሽኝ ዘይኑ?» ሰምታለች። መስማቷ ግን ምንም አልለወጠም።

ደብዳቤ አይሆንም፤ ደብዳቤ ሰው እጅ ይገባል። ስለዚህ ዳኘው ሌላ መላ ፈጠረ። በካሴት ጀርባ ላይ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ። ጥርሱ ከተሰበረ በላዩ መቅዳት አይቻልም፤ ያለው እንዳለ ይቀመጣል። ለማስሞላት ካሴት የሚያመጣ ደንበኛ ጥርሱን አይሰብርም። ዳኘው ግን አንዳንድ ጊዜ ሰብሮ ያመጣል፤ ትርጉሙም «በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ አለሁ» ነው። ዘይነት ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ታደርግና ዘፈን የምታመሳክር መስላ ድምፁን ትሰማለች። ሰምታ ስትጨርስ ቀዳዳውን በፕላስተር ትሸፍነዋለች፤ ያን ጊዜ ቴፑ ይታለልና ይቀዳል። ቃሉን አጥፍታ፣ ዝርዝሩን ሞልታ ትመልስለታለች። ዳኘው ፕላስተሩን ሲያይ «ሰምታኛለች» ይላል። መልሷን ደግሞ ከጅራቱ ላይ ያገኘዋል፤ መልሷ ማሟያ ብላ የምትጨምራት ዘፈን ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ተነጋገሩ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አላወቀባቸውም።

ሚያዝያ 1982 ዓ.ም. ገባ። አንድ እሁድ ዘይነት ከጎረቤቷ ከየብርጓል ጋር በቀበሌው አዳራሽ ተቀምጣ ሳለ ዳኘው ገባ። ከጎኑ እናቱ አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ነጭ ነጠላ የለበሰች፣ ዘይነት አይታት የማታውቅ ቀይ ልጅ። ወይዘሮ አገርነሽ የልጅቷን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

የብርጓል ክፉ ሰው አይደለችም፤ አፏ ግን በር የለውም። «አየሻት?» አለች። «ከአቃቂ የመጣች ናት። ቤታቸው ከገባች ሦስት ቀኗ ነው። እትዬ አገርነሽ አንድ ልጃቸውን ሊድሩ ነው መሰል።»

ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ዕድል ሲቀልድ እንዲህ ነው፣ ከድሮ መዝገብ የወጣ ጥቁርና ነጭ ፊልም መታየት ጀመረ። ከረባት ያሰሩ ሙዚቀኞች፣ ፀጉራቸውን ጎፈሬ ያደረጉ ሴቶች። ያ የሳክስፎን መግቢያ ተሰማ። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሽማግሎች በረጅሙ ተነፈሱ፤ አንዲት እናት «ወይ ያ ጊዜ» ብለው የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ዘይነት ወደ ዳኘው ዞረች። ይህ ዘፈን በተሰማ ቁጥር፣ በሬዲዮም ይሁን በመንገድ፣ ዳኘው ፈልጎ ያያታል። አንድም ቀን አጉድሎ አያውቅም። ዛሬ ግን አንገቱን ደፍቶ ልጅቷ በጆሮው የምትነግረውን ይሰማል። ዘፈኑ ተጀምሮ እስኪያልቅ ጠበቀችው። አላያትም።

ወደ ቤቷ ስትመለስ የብርጓል ስታወራ ነበር፤ አንዱንም አልሰማችም። ማልቀስ ፈልጋ እንባው እንቢ አላት። ሁለት ዓመት የተናገረችው ሁሉ፣ የመረጠችው ዘፈን ሁሉ፣ መሳቂያ የሆነ መሰላት።

ማክሰኞ ዕለት ወይዘሮ አገርነሽ ራሳቸው ወደ ሱቁ መጡ። መጥተው አያውቁም ነበር። ዓይናቸው ቀልቷል። ከቦርሳቸው አንዲት ካሴትና አንድ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ልጄ ነው የላከኝ» አሉ። «ለዓርብ ይድረስልኝ ብሏል።»

«ይደርሳል እማማ።»

ወዲያው አልሄዱም። ዘይነትን ትክ ብለው አዩዋት፣ እጇን በእጃቸው ነካ አደረጉ። «እጅሽ ይባረክ» ብለው ወጡ። በዚያ ሰሞን የዘመቻ ጥሪ ወረቀት ቤቷ የገባባት እናት በየሱቁ አታወራውም፤ እሳቸውም አላወሩም። ዘይነት ደግሞ የቀላ ዓይናቸውን በሠርግ ሽርጉድ፣ የእጃቸውን መንካት በአዘኔታ ተረጎመችው። «የኔ ምስኪን» ያሏት መሰላት። ያ ከሁሉም የባሰ አቃጠላት።

ካሴቱን ገለበጠችው። ጥርሱ ተሰብሯል።

ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች፣ ጣቷን ማጫወቻው ላይ አሳረፈች፤ ግን አልተጫነችውም። የሚላትን ያወቀች መሰላት። እናቴ አስገደደችኝ ይላል። ይቅር በይኝ ይላል። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ከሰማችው ይቅር ትለዋለች፣ ይቅር ብላ ደግሞ ሠርጉን ቆማ ታያለች። «አልሰማህም» አለች፤ ማዳመጫውን አወለቀችው። ፕላስተር ቆረጠች። ቀዳዳዎቹን ሸፈነች። ወረቀቱ ላይ የተጻፉትን አሥራ ሁለት ዘፈኖች፣ ሁሉም የድሮ፣ ሁሉም ከአባቷ ሸክላ፣ አንድ በአንድ ትሞላ ገባች። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል። ዘይነት ግን አልቸኮለችም። እንዲያውም እንደዚያ ቀን ተጠንቅቃ የቀዳችበት ጊዜ የለም።

በሁለተኛው ገጽ የመጨረሻዋ ዘፈን ልታልቅ ስትል የዐሥር አዛን ተሰማ። ቴፑን አቆመች። አዛኑ ሲያልቅ ክሩ ገና ጥቂት ደቂቃ ይቀረው ነበር፤ የማሟያዋ ቦታ፣ የመልሷ ቦታ። «ምን መልስ አለኝ?» ብላ ካሴቱን አወጣችው። ነፊሳ ሙዚቃ ቤት ከተከፈተ ጀምሮ ጅራቱ ሳይሞላ የወጣ ካሴት ያ ብቻ ነበር። እሷም ያን ጊዜ እንደ ቅጣት ነው የቆጠረችው።

ዓርብ ዳኘው መጣ። ፀጉሩ ከሥሩ ተቆርጧል። «ሙሽራ አምሮበታል» አለች በልቧ። አባቷ ሸክላዎቹ አጠገብ ስለነበሩ እንደ ደንበኛና እንደ ባለሱቅ ተነጋገሩ።

«ደርሷል?»

«ደርሷል።»

ካሴቱን ገልብጦ ፕላስተሩን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ፊቱ በራ።

«አዳመጥሽው ማለት ነው።»

«ፕላስተሩን እያየኸው» አለች፣ ዓይኗን ከማስመሪያው ሳትነቅል።

«መጨረሻው ላይስ ምን ጨመርሽልኝ?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«የሞላሁልህ የጻፍኸውን ነው። ከዚያ ውጭ ላንተ የምጨምረው የለኝም።»

ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ሲጠፋ አየች። ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ ደስ አላላትም። ዳኘው ካሴቱን የሸሚዙ ደረት ኪስ ውስጥ ከተተው።

«ገባኝ» አለ። ቀጥሎም ወደ አባቷ ዞሮ «ጋሽ ሙሀመድሰዒድ፣ ያቺን ሸክላ ስላሰሙኝ እግዜር ይስጥልኝ።»

«ምነው ልጄ፣ የመንገደኛ ስንብት አስመሰልኸው?»

«መንገደኛ ነኝ» አለ።

አቃቂ ነው፣ ለሠርጉ፣ አለች ዘይነት በልቧ። በሩ ላይ ሲደርስ ትንሽ ዘገየ። ስሙን ብትጠራው ይዞር ነበር። ስሙ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ሲሄድ ያሸነፈች መሰላት፤ ድሉ ግን ሌሊቱን አላስተኛትም።

ቅዳሜ ጠዋት የመርከቧ ጥሩምባ እንደ ወትሮው ከወደቡ ተሰማ። ረፋዱ ላይ ዘማቾች የጫኑ መኪኖች በሱቁ ፊት አለፉ፤ የሚዘፍንም ነበረ፣ የሚያለቅስም ነበረ። ዘይነት ልባስ እያሰመረች ነበር። ቀና አላለችም።

እሁድ በአዳራሹ ውስጥ፣ ዝግጅቱ ሊጀምር ሲል፣ ያቺ ባለነጭ ነጠላ ልጅ መጥታ ከጎኗ ቁጭ አለች። ዘይነት ተነሥታ ልትሄድ ነበር።

«ዘይነት አንቺ ነሽ?» አለቻት ልጅቷ። «እሌኒ እባላለሁ። የዳኘው የአክስቱ ልጅ ነኝ፤ አንድ ቤት ነው ያደግነው። ልሸኘው መጥቼ ነበር።»

«ወዴት?»

እሌኒ ግራ ገብቷት አየቻት። «እንዴት ወዴት? ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ የለም እንዴ? ትናንት ሄደኮ። በካሴቱ ነግሬያታለሁ ብሎኛል።»

ዘይነት ወደ በሩ የዞረ ፊቷን ወደ ልጅቷ መለሰች።

«ልወቅስሽ አልመጣሁም» አለች እሌኒ። «ብቻ እወቂው ብዬ ነው። ትናንት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ወደቡ ላይ ወርካው ሥር ቆመን ነበር፤ እሱ፣ እኔና እናቱ። ከመጣች እዚያው እናቴን አስተዋውቃታለሁ፣ አባቷ ዘንድ ሽማግሌ ይሄዳል፣ ጠብቂኝ ብያት እዘምታለሁ አለ። እናቱ ሦስት ቀን አልቅሰው ነው እሺ ያሉት። ያለፈው እሁድ እዚህ ስንቀመጥ በጆሮው የነገርኩት እሱን ነው፣ እሺ አሉህ እያልኩት። ዘፈናችሁ ሲመጣ ቀና በልና እያት ብለው፣ ካየኋት ሰው መሀል አለቅሳለሁ አለኝ። ካሴቱንም እናቱ ራሳቸው ላድርስ አሉ፣ ሊያዩሽ ፈልገው። እስከ አራት ሰዓት ጠበቅንሽ።»

«አላዳመጥሁትም» አለች ዘይነት።

«ምኑን?»

«ካሴቱን። ሳልሰማው አጠፋሁት።»

እሌኒ አፏን ከፍታ ቀረች። ዝግጅቱ ተጀመረ፣ አዳራሹ አጨበጨበ፣ የቴሌቪዥኗ ሰማያዊ ብርሃን በሁሉም ፊት ላይ ተጫወተ። ዘይነት ሳል እንደያዘው ሰው አፏን በሁለት እጇ አፍና ተቀመጠች። እንቢ ያላት እንባ ያን ጊዜ መጣ፤ ለማን እንደምታሳየው ግን ጠፋት።

ለአባቷ ሁሉንም ነገረቻቸው። ይቆጣሉ ብላ ነበር። ጋሽ ሙሀመድሰዒድ እጃቸው ላይ የነበረውን ሸክላ ወደ ልባሱ መለሱ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ብለው ጀመሩ፤ የምሳሌውን ሁለተኛ ግማሽ ሳይናገሩት ተዉት። «ጻፊለት» አሏት። «ፖስታ ቤት እኔ አደርሰዋለሁ።» ልጅ አንዋዋስም ያሉት ሰው ናቸው ይህን ያሉት። የዘይነትን ልብ ከሁሉ አብልጦ የሰበረው ይህ የአባቷ ደግነት ነው፤ ቀድማ ብታውቀው ኖሮ ምን ያህል መንገድ ባጠረ።

አድራሻውን ከእሌኒ ተቀብላ ጻፈች፤ እሌኒም የሰማችውን ለእናቱ ሳትነግር ወደ አቃቂ ተመለሰች። የግንቦቱ ደብዳቤ ስምንት ገጽ ነው፤ ሁሉንም ነገር ከነምክንያቱ፣ ከነቅናቱ፣ ከነየብርጓል ወሬ ተናዘዘችበት። የሐምሌው አራት ገጽ። የመስከረሙ ሁለት መስመር ብቻ ነው፦ «ፈርቼም ጠልቼህም አይደለም የቀረሁት። ተናድጄ ሳልሰማህ አጠፋሁህ እንጂ ሰምቼህ ቢሆን በባዶ እግሬ ሮጬ እመጣ ነበር።» መልስ የለም። ለሬዲዮው የዘማቾች ዘፈን ምርጫም ጻፈች፤ የሳክስፎኑን ዘፈን ጠየቀች። አንድ ቀን አስተዋዋቂው ስሙን ከሌሎች ሠላሳ ስሞች ጋር አነበበው። ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዝም አለላት። የተለቀቀው ግን ሰልፍ የሚመታበት መዝሙር ነበር። ያም ቢሆን ስሙ በአየር ላይ መጠራቱ ለአንድ ሳምንት አቆያት።

ታኅሣሥ 1983 ዓ.ም. አንድ ቀን፣ ከዐሥር ሰዓት በፊት፣ ወይዘሮ አገርነሽ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ሱቁ ገቡ። ጥቁር ለብሰዋል። አባትም ልጅም ጥቁሩን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ለማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

«ወረቀቱ የመጣው በኅዳር ነው» አሉ። «ተሰውቷል ይላል። ዕቃውን ደግሞ አብሮት የነበረ ልጅ ትናንት አመጣልኝ።» ጥቅሉን ፈቱት። አንድ ሸሚዝ፣ ያቺ ካሴት፣ በላስቲክ የታሰሩ ሦስት ደብዳቤዎች። ደብዳቤዎቹ አልተከፈቱም። «ካምፕ ለካምፕ ሲዞሩ ቆይተው፣ ልጄ በወደቀ በሳምንቱ ነው ከጦሩ የደረሱት አለኝ። ያንቺ ናቸው፤ ያዣቸው።»

ዘይነት ተቀበለች። እጇ ላይ የወረቀት ክብደት ብቻ ነበረ።

«ልጁ አንድ ነገር ነገረኝ» ቀጠሉ ወይዘሮ አገርነሽ። «ዳኘው ባትሪ ባገኘ ቁጥር ይችን ካሴት ያስገባታል። ዘፈኖቹን አሳልፎ መጨረሻዋን ብቻ ይሰማና ይዘጋታል፣ አለኝ። መጨረሻዋ ላይ ምን አለ? እኔ ማሽኑን አላውቅበትም። አሰሚኝ።»

መጨረሻዋ ላይ ምንም የለም፤ ዘይነት ታውቃለች። ባዶ አድርጋ የላከችው እሷ ናት። ቢሆንም ካሴቱን አስገብታ ሁለተኛውን ገጽ ወደ ጫፉ አስኬደችው። የመጨረሻዋ ዘፈን ጭራ ተሰማ፣ በዚያን ቀን አዛን ላይ የቆመችበት ቋ የሚል ድምፅ፣ ከዚያ ሹሽታ። ከሹሽታው ውስጥ የዳኘው ድምፅ ወጣ፤ ሳትቀዳበት የተወችው፣ ያልጠፋው ቅሪት።

«…ክሩ ሊያልቅብኝ ነው ዘይነት። አንድ ነገር ልንገርሽ። ቅዳሜ ባትመጪ ፈርተሽ ነው እላለሁ። አባትሽን ፈርተሽ፣ ሰው ፈርተሽ ነው። ጠልታኝ ነው አልልም፤ ሌላም ክፉ ነገር አላስብብሽም። እስከ መጨረሻው ፈርታ ነው እንዳልኩ እኖራለሁ። ይህን ምዬልሻለሁ…»

ድምፁ ሳያልቅ የዐሥር አዛን ተጀመረ። የጋሽ ሙሀመድሰዒድ እጅ በልማዱ ወደ ማቆሚያው ተዘረጋ፤ መንገድ ላይ ቆመ፣ ተመለሰ። ክሩ አልቆ ቴፑ በራሱ ጊዜ ቀጥ አለ። አዛኑ እስኪያበቃ ሦስቱም አልተንቀሳቀሱም።

ዘይነት አልፈራችም ነበር። ያን ማክሰኞ ማንንም አልፈራችም። ለአንዲት ነጭ ነጠላ፣ ለአንድ ያልዞረ አንገት ስትል ነው ያጠፋችው። ዳኘው እስከ ዕለተ ሞቱ ለእሷ ከሚገባት የተሻለ ምክንያት በደረት ኪሱ ይዞላት ኖረ፤ ሲከፋው እየከፈተ ራሱን በራሱ ድምፅ አሳመነ። እውነቱ ደግሞ ተጽፎ፣ ታሽጎ፣ እዚህ እጇ ላይ አለ። አሁን ለማን ይነበባል?

ወይዘሮ አገርነሽ እንባቸውን አልጠረጉም። «እኔ ግን ረግሜሻለሁ» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «በየኪዳኑ፣ በየቅዳሴው። ልጄን እወርካው ሥር አስቁማ፣ አንዲት ቃል ነፍጋ ሰደደችው ብዬ ረግሜሻለሁ። እሱ አልረገመሽም ለካ።» ጠረጴዛውን ተሻግረው እጇን ያዙ፣ እንደዚያን ቀን። «ፈርተሽ ነው፤ አይደል ልጄ?»

ዘይነት ደብዳቤዎቹን አየች። የመስከረሙ ከላይ ነበር፣ ባለሁለት መስመሩ። በመዳፏ ሸፈነችው።

«አዎ እማማ» አለች። «ፈርቼ ነው።»

እናትየው ስበው አቀፏት። አባቷ እውነቱን የሚያውቁ ሰው ናቸውና ፊታቸውን ወደ ሸክላዎቹ መልሰው ቆሙ። ዘይነት በእናትየው ትከሻ ላይ እንዳለች አንድ እጇን ሰዳ ካሴቱን ከቴፑ አወጣችው፣ ፕላስተሮቹን በጥፍሯ ላጠቻቸው። ስምንት ወር የቆየ ሙጫ ነው፤ ቶሎ አልለቀቀም። ከዚያ ካሴቱን ወይዘሮ አገርነሽ እጅ ውስጥ አኖረችው።

«ይውሰዱት እማማ» አለቻቸው። «ከእንግዲህ አይጠፋም።»